ውርጭ በገዳሪፍ

"አቁሚው፤ ይኸን ነገር አቁሚው" አሉ መምህር ጋረደው፣ ከፕሪንተሩ አፍ ግማሹ የወጣውን ወረቀት በሁለት ጣታቸው ይዘው።

ባንቺአየሁ ማቆሚያውን ተጫነች። ፕሪንተሩ ግን አንዴ ከጀመረ ግትር በቅሎ ነው፤ የያዘውን መስመር እያፏጨ ጨረሰ፣ ሌላ መስመር ደገመ፣ ከዚያ በኋላ ነው የቆመው። መምህሩ ወረቀቱን ገንጥለው ወደ ቀኝ ዓይናቸው አስጠጉት። ግራውን ሞራ ከለበሰው ቆይቷል፤ በቀኙም ቢሆን የሚያነቡት አፍንጫቸው ወረቀቱን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ነው።

"'በደጋው ላይ ሌሊት ውርጭ ወረደ'" ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ቀና አሉ። "ውርጭ? ገዳሪፍ ላይ ውርጭ፣ ባንቺአየሁ?"

ዓረፍተ ነገሩን ታውቀዋለች። በገዛ እጇ ያጠፋችው ነው። በምትኩ "ሰሊጡ ሳይረግፍ ታጨደ" ብላ ጽፋለች፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ የነካውን ወረቀት ኪቦርዱ ላይ አስደግፋ እንደጻፈችው ሳይቀር ትዝ ይላታል።

መጽሐፉ ለሐበሻው ማኅበር ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል የአማርኛ ማንበቢያ ነው። ልጆቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ ሰፈር ውስጥ ዓረብኛ ያወራሉ፣ ጥሩ አማርኛ የሚሰሙት እናታቸው ስትቆጣቸው ብቻ ነው። መምህር ጋረደው መጀመሪያ የጻፉት ራሳቸው በልጅነታቸው የተማሩትን ነበር፤ ውርጭ፣ ገብስ፣ የበግ ለምድ። ክፍል ውስጥ ሲያነቡላቸው አንዲት ሕፃን እጇን አውጥታ ውርጭ የሚበላው በወተት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። መምህሩ ያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም። የመጀመሪያውን ግልባጭ በቀይ እየሰረዙ ሁሉንም ለወጡት፤ ሰሊጥ አገቡ፣ ማሽላ አገቡ፣ ትራክተር፣ ፀሐይ የሚሸፍነውን አቧራ፣ የኸሽም ኤል ቂርባን ግድብ። ባንቺአየሁም ክረምቱን ሙሉ ቀይ ቀዩን እያየች አስገባች። ወረቀት ከፖርት ሱዳን የሚመጣ ውድ ነገር ስለሆነ እንደገና አትማ አላሳየቻቸውም። ገብቷል አለቻቸው፤ እሳቸውም አመኑ።

ነገ ጎህ ሲቀድ ዓይናቸውን ለመታከም በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ይሄዳሉ። ዓይኔ ዳነም አልዳነም መጽሐፉ እዚህ ይቅር ብለዋል። ስለዚህ ዛሬ በወረቀት ታይቶ፣ ለማባዣው ስቴንስል ላይ ወጥቶ፣ ለትምህርት ቤቱ መሰጠት አለበት።

"እኔ አስገብቼዋለሁ፣ መምህር" አለች ባንቺአየሁ።

"የታለ?"

"ኤፍ ላይ ነበር።"

"እኮ፣ የታለ?"

ዘግታ ከፈተችው። ውርጭ። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሳችውና ደግማ ከፈተችው። ውርጭ፣ ገብስ፣ የበግ ለምድ። በቀይ የታረሙትን ወረቀቶች ከመሳቢያ አውጥታ እያንዳንዱ እርማት አጠገብ በእርሳስ ያደረገችውን ምልክት አሳየቻቸው። ያስገባችውን ሁሉ ምልክት ታደርግበታለች። መምህሩ ወረቀቱን አልተቀበሏትም።

"ምልክት ማድረግማ ማንም ያደርጋል" አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ማለቱ ከጩኸት የባሰ ነበር። "ደክሞኛል፣ አላስገባሁም ብትዪኝ ምን እልሽ ነበር? ሰው ይደክመዋል። መዋሸቱን ግን ምን አመጣው?"

ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ባንቺአየሁ በእጇ የቀሩትን ወረቀቶች እንደያዘች የከዘራው ድምፅ ከመንገዱ ጫጫታ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ ቆመች።

መሥራት አለመሥራቷን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይሠሩ ሠራሁ ማለት ያለ ነው፤ ሠርተው አልሠራሽም መባል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሰው የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣል። ማሽኑን በጥፊ ልትለው ቃጣትና ተወችው። እሱም የዩኑስ ነው።

የጽሕፈትና የማባዣ ቤቱ ባለቤት ዩኑስ ወረቀት ሊያመጣ ፖርት ሱዳን ሄዷል፤ ማታ ይገባል። ቤቱ ሦስት ኮምፒውተር አለው። ሁለቱ ከፊት ናቸው፤ ይሠራባቸዋል። ሦስተኛው፣ ትልቁ የሚሉት፣ ከጓዳ ተቀምጦ የሌሎቹን ሥራ ያስቀምጣል። የፊተኞቹ ሲነሱ በሽቦ ሄደው የትልቁን ዲስክ ይይዙና "ኤፍ" ብለው ይጠሩታል፤ የራሳቸው ሆድ ውስጥ እንዳለ አድርገው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ዩኑስ ስለ ኮምፒውተር የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። እሱንም በዓረብኛና በአማርኛ አጽፎ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል፤ ሥራ ሁሉ ኤፍ ላይ ይቀመጥ ይላል። ባንቺአየሁ ይህን ትእዛዝ አንድ ቀን እንኳ ተላልፋ አታውቅም።

ፀሐይዋ ጠንከር ስትል ዙሌካ መጣች። የዩኑስ ልጅ ናት፤ ኻርቱም ኮምፒውተር ትማራለች፤ አሁን ለእረፍት መጥታለች። እነዚህን ማሽኖች እርስ በርስ ያገናኘቻቸው እሷ ናት። ባንቺአየሁ የሆነውን ስትነግራት ማስቲካዋን እያኘከች ተቀመጠችና ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ አስሮጠች።

"ኤፍ ላይ ከሌለ የለም ያኒ" አለች። "ተመልከቺ፣ ታሪኹን፣ ቀኑን። ፋይሉ የተነካው ከኸሪፍ በፊት ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ማንም አልነካውም።"

"እኔ ነክቼዋለሁ። ክረምቱን ሙሉ ነክቼዋለሁ።"

"ማሽኑ አልተነካሁም ይላል።"

"እንግዲህ ማሽኑ ይታመን፣ እኔ ልዋሽ?"

ዙሌካ ትከሻዋን ነቀነቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ግን ማሽንና ሰው ሲጣሉ የምትገባው በማሽኑ ወገን ነው። ባንቺአየሁ የክረምቱን ቀናት ማስታወስ ጀመረች፤ ወንበሩን፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ የግድቡን ምንባብ ስትጽፍ አትባራ የሚለው የወንዝ ስም ላይ መሳሳቷን። ሳታስበው ግን አንድ መጥፎ ሐሳብ ከኋላ ገባባት፤ ምናልባት ሳላስቀምጠው ይሆን? እንዲህ ራሷን መጠርጠሯ ከሁሉም በላይ አናደዳት።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ እትዬ በለጡ ምግብ ቤት ስትሄድ በልብስ ሰፊው በጋሽ ገብረ ሥላሴ በረንዳ በኩል አለፈች። ዋናው መንገድ እሱ ነው። በረንዳው ላይ ሁልጊዜ ሦስት አራት ሰው አይጠፋም፤ ሱሪ ለማሳጠር የመጣ እዚያው ውሎ የሚሄድበት ቦታ ነው። ጋሽ ገብረ ሥላሴ የስፌት መኪናውን ረግጠው አቆሙ።

"ባንቺአየሁ፣ ማሽኑ ሥራሽን በላብሽ አሉ?"

ሰዎቹ ሳቁ። ማን እንደነገራቸው መጠየቅ አልነበረባትም፤ ጠየቀች። መምህሩ ከጽሕፈት ቤቱ እንደወጡ ቀጥታ እዚሁ ነው የተቀመጡት አሏት፤ ውሃ ጠጥተው፣ ነገሩን አውርተው፣ ከዚያ ምሳ ሊበሉ ወደ በለጡ አለፉ። ባንቺአየሁ ስለ ኤፍ ልታስረዳ ሞከረች። ሥራው ከጓዳው ማሽን ላይ እንደነበር፣ አሁን ግን እዚያ የሌለ እንደሚመስል፣ መኖሩን ግን እንደምታውቅ። እየተናገረች ሳለ ለራሷም ውሸት መሰላት። ከሰዎቹ አንዱ የእሱም የልጁ የቤት ሥራ ሁልጊዜ እንደዚሁ እንደሚጠፋ ተናገረና እንደገና ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ለዚህ ነው የባሰው፤ ነገሩ አልቆ ቀልድ ሆኗል።

እትዬ በለጡ ፉሉን ያለ ቃል አቀረቡላት። ባንቺአየሁ ከአርማጭሆ ስትመጣ ሰው አልነበራትም። እኒህ ሴትዮ ናቸው ያስጠጓት፤ ሳህን አጥባላቸዋለች፣ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ሰጥተዋታል፣ ጽሕፈት ስትማር ከሥራ አስቀድመው ለቀዋታል። ገዳሪፍ ውስጥ ዘመድ የሌለውን ሰው ያለ ዋስ የሚቀጥር የለም፤ ዩኑስ ዘንድ ዋስ ሆነው የቆሙትም እሳቸው ናቸው።

"እትዬ፣ ሥራውን ሠርቻለሁ" አለች ባንቺአየሁ፣ ዳቦውን ሳትቆርስ።

እትዬ በለጡ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ከፊቷ ተቀመጡ። "እኔ ማሽን አላውቅም። መምህር ጋረደውን ግን አውቃለሁ። ሁለቱን ልጆቼን ያስተማሩልኝ ናቸው። እሳቸው ዋሹ ከምል አንቺ ዋሸሽ ማለት ይቀለኛል።"

"እሳቸውም አልዋሹም፣ እኔም አልዋሸሁም።"

"እንዲህ ያለ ነገር አለ እንዴ?" አሉ እትዬ በለጡ፤ የምራቸውን ነው የጠየቁት። "ዩኑስ ማታ ሲገባ ከዋስትናው አውጣኝ እለዋለሁ። ዋስ የሆንኩት አፌን ሞልቼ ነው፤ አሁን አፌ አልሞላም። ክፍሉን ግን ሌላ እስክታገኚ ተቀመጪበት። ሜዳ ላይ አልጥልሽም።"

ቢሰድቧት ይሻል ነበር። ባንቺአየሁ ፉሉን እንደነበረ ትታ ተነሳች። ያለ ዋስ ዩኑስ አንድ ቀን አያቆያትም፤ ፈልጎ ሳይሆን ደንቡ ስለሆነ። ዩኑስ ዘንድ ዋሽታ ተባረረች የተባለችን ሴት ደግሞ ከገዳሪፍ እስከ ከሰላ የሚቀጥራት ሐበሻ አይገኝም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ መቃብሩስ ይቆየኝ፣ ለዛሬ ማታ የሚሆን ስም ቢኖረኝ አለች በልቧ።

ስትመለስ መብራት ጠፋ። ዙሌካ አማርኛና ዓረብኛ እየቀላቀለች እየረገመች ጓሮ ወጥታ ጄኔሬተሩን አስነሳች። ጄኔሬተሩ ትንሽ ስለሆነ ሁሉንም አይችልም፤ የጓዳውን ትልቁን ማሽን ነቅለው የፊተኞቹን ብቻ ያስነሳሉ። የባንቺአየሁ ኮምፒውተር እየተንተፋተፈ ተነሳ፤ ትልቁን ፈለገ፣ አጣው፣ ኤፍ የሚባል ነገር እንደሌለ ጽፎ ዝም አለ።

"ይኸው፣ ጭራሽ ኤፍም የለም ይለኛል" አለች ባንቺአየሁ። "ይኼ ዩኑስ በቅርቡ የተካልኝ አዲሱ ደግሞ ሰበበኛ ነው። የድሮው እንዲህ አይልም ነበር። ክረምቱን ሙሉ በጄኔሬተር ስሠራ አንድ ቀን ኤፍ የለም ብሎኝ አያውቅም።"

የዙሌካ መንጋጋ ማስቲካው ላይ ቆመ።

"ክረምቱን ሙሉ ኤፍ ይከፈትልሽ ነበር?"

"አዎ።"

"ትልቁ ማሽን ተነቅሎ?"

ባንቺአየሁ ያን ጊዜ አላሰበችውም ነበር። ኤፍ ላይ አስቀምጪ ተብላለች፣ ኤፍ ይከፈታል፣ ታስቀምጣለች። ውሃ ከቧንቧው እስከመጣ ድረስ ጉድጓዱን ሄዶ የሚያይ ማን ነው? ዙሌካ ግን እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር።

"ያ ባንቺ፣ እኔ ነኝ" አለች። "ወላሂ፣ እኔ ነኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። በክረምቱ መግቢያ መብራት በየቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጠፋ፣ ደንበኛ እንዳይጉላላ ብላ፣ ዙሌካ በድሮው ኮምፒውተር መነሻ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመረችበት። ትልቁን ካገኘህ ዲስኩን ኤፍ በለው፤ ካጣኸው ግን ከራስህ ዲስክ አንዱን ፎልደር ኤፍ ብለህ ጥራው የሚል። ሥራው እንዳይቋረጥ የትልቁን ፋይሎች ሁሉ እዚያ ፎልደር ውስጥ ገልብጣ አስቀመጠች። መብራቱ ሲረጋጋ የተሠራውን ወደ ትልቁ ልትመልስ አስባ ነበር፤ ለማንም ሳትነግር ኻርቱም ሄደች፣ እዚያ ደግሞ ፈተና ነበረባት፣ ረሳችው። ባንቺአየሁ ክረምቱን ሙሉ ኤፍ እያለች የጻፈችው የራሷ ማሽን ሆድ ላይ ነው። ዝናቡ ሲያባራ መብራቱ ተመለሰ፣ ኤፍ ደግሞ እንደገና ትልቁ ሆነ፣ ውርጩም በቦታው ነበር።

"ታዲያ የድሮው ማሽን ውስጥ አለ ማለት ነው" አለች ባንቺአየሁ። የድሮውን ማሽን ዩኑስ ባለፈው ሰሞን ለሰሊጥ ነጋዴው ለሙዘይን ሸጦታል።

ሱቁን ቆልፈው በዚያ ፀሐይ ወደ ሰሊጥ ገበያው ሄዱ። የመከር ወቅት ነው፤ ሎሪው፣ አህያው፣ ጋሪው መንገዱን ዘግቶታል፣ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሙዘይን ኮምፒውተሩን የገዛው ጎረቤቱ ስለገዛ ነው። አበባ የተጠለፈበት ጨርቅ አልብሶ ከሚዛኑ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ተነስቶ የሚያውቀው ለእንግዳ ሲታይ ብቻ ነው። ዙሌካ በዓረብኛ ሰላምታውን አብዝታ ጉዳያቸውን ስትነግረው ሙዘይን አዘነ፣ ሻይ አዘዘ፣ ከዚያ አይሆንም አለ። እሱ ማሽኑን የገዛው ከነሆዱ ነው። ላም የገዛ ሰው ከገዛ በኋላ ፅንሱን መልስ አይባልም።

ዙሌካ ተከራከረች፤ የአባቷንም ስም ጠራች። ሙዘይን የባሰ ደነደነ። ባንቺአየሁ ዓረብኛዋ የኩሽና ዓረብኛ ስለሆነ ነጋዴ ፊት አትናገርም ነበር፤ አሁን ግን ሰለቻት። ጥጃውን አልወስድም አለችው። ጥጃው እዚሁ ላሟ ሆድ ውስጥ ይቀራል፤ እኔ የምወስደው ልክ እሱን የመሰለ ሌላ ጥጃ ነው፣ ከአንተ የሚጎድል የለም። ሙዘይን ይህን ጉድ ማየት ፈለገ። ጨርቁን ራሱ ገለጠው።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። የለመደውን ትልቁን ማሽን ፈለገ፤ እዚያ ገበያ መሀል ከየት ይመጣል፣ አጣው። አጥቶም የተነገረውን አደረገ፤ የራሱን ፎልደር ኤፍ ብሎ ከፈተ። ባንቺአየሁ የመጽሐፉን ስም ጻፈች።

ሰሊጡ ሳይረግፍ ታጨደ። ከሥሩ ትራክተሩ፣ ከሥሩ አቧራው፣ ወረድ ሲል ግድቡ። አለ። ሁሉም ነገር እሷ ባስቀመጠችበት ቦታ፣ እሷ እንዳስቀመጠችው አለ። ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣባት፤ ሙዘይን የቤተሰብ መርዶ መስሎት ሻዩን አቀረበላት። ዙሌካ ሥራውን ፍሎፒ ላይ ገልብጣ ዋናው በቦታው መቅረቱን ስታሳየው ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ለሰሊጥም እንዲህ ይሠራል ወይ ብሎ ጠየቀ።

ሲመለሱ መብራት መጥቶ ነበር። ዙሌካ ጥንቃቄ ይሻላል ብላ አዲሱን ግልባጭ ባሮጌው ላይ አልደረበችውም፤ መጀመሪያ በአዲሱ ኮምፒውተር የራሱ ዲስክ ላይ ለብቻው አስቀመጠችው። ባንቺአየሁ የጽሕፈት ፕሮግራሙን አስነስታ የመጽሐፉን ስም ሰጠችው።

በደጋው ላይ ሌሊት ውርጭ ወረደ።

ባንቺአየሁ ዘግታ ከፈተችው፤ ያው ውርጭ። ፍሎፒውን አውጥታ አየችው፣ መልሳ ከተተችው። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ የሚያላግጥብኝ ሰው እንኳ ገጥሞኝ አያውቅም አለች። ዙሌካ ግን አልደነገጠችም፤ ማሽኑ የሚፈልግበትን መንገድ የሚያሳየውን መስመር አውጥታ በጣቷ አሳየቻት።

"ስሙን ብቻ ስትሰጪው በሁሉም ቦታ አይፈልግም" አለች። "በተነገረው መንገድ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ ኤፍ ይላል፣ ከዚያ የራሱን ዲስክ። ኤፍ ላይ በዚያ ስም አንድ ነገር ካገኘ ኻላስ፣ እሱን ይዞ ይቆማል። ትክክለኛው ከኋላ ተቀምጦ ቢጠብቀውም አይደርስበትም።"

"ትክክለኛው የቱ እንደሆነ አይጠይቅም?"

"ምን ብሎ ይጠይቃል? ቀድሞ ያገኘውን ነው የሚያውቀው።"

ዙሌካ አሮጌውን ከኤፍ ላይ አንስታ አዲሱን በቦታው ተካችው። ባንቺአየሁ ስሙን ደግማ ሰጠችው፤ ሰሊጡ መጣ። አንድ ገጽ አተመች፣ ገንጥላ በእጇ ያዘችው።

ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የአሱር አዛን ካበቃ በኋላ መምህር ጋረደው መጡ። የመጡት በቀይ የታረሙትን ወረቀቶች ሊወስዱ ነው፤ ከሰላ ውስጥ ሌላ ጸሐፊ አለ ተብለዋል፣ ለሚሄድ ሰው ሊሰጡት አስበዋል። ሳይቀመጡ እጃቸውን ዘረጉ። ባንቺአየሁ የታተመውን ገጽ ሰጠቻቸው። ወደ በሩ ብርሃን ዞረው አፍንጫቸውን አስጠግተው አነበቡ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ፊታቸው ፈታ አለ።

"አየሽ?" አሉ። "ሰው ሲቆጣሽ ታስገቢዋለሽ።"

ባንቺአየሁ የሰማችውን ማመን አቃታት። ቀኑን ሙሉ የፈለገችው ማስረጃ በእጃቸው ነው፤ እሱኑ ይዘው ፈረዱባት። የክረምቱን ሥራ በአንድ ቀትር ሠርቶ የሚጨርስ ሰው ይኖራል ወይ ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ቁጣ ላይ ተደናቅፎ ቀረ። የተናገረችው ዙሌካ ናት። ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ፣ ትእዛዙን እንደጨመረች፣ ሳትመልስ እንደሄደች፣ ከሙዘይን ዘንድ እንዳገኙት አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን በጣቷ እያሳየች ነሐሴ ነው አለቻቸው። መምህሩ ስክሪኑን ማየት አልቻሉም። የልጅቷን ፊት ግን አዩ፤ በሥራቸው የሚዋሽና የማይዋሽ ልጅ ፊት ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው።

ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

"ይቅር በይኝ፣ ልጄ" አሉ። "ያላጠፋሽውን ነው የተናገርኩሽ።"

እንዲህ ያለ ቃል ከሽማግሌ አፍ እንዲሁ አይወጣም። ባንቺአየሁ ይቅር ለእግዜር አለች፣ ከልቧ ነው። መምህሩ በእፎይታ ተንፍሰው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ በይ እንግዲህ ሳይመሽ እተሚው አሏት። ስቴንስሉን አስተካከለች። ጣቷን መጫኛው ላይ አደረገች።

ዩኑስ መንገድ ላይ ነው። እትዬ በለጡ ይጠብቁታል። መምህሩ ነገ በዚህ ሰዓት መተማን አልፈዋል። ይቅርታው ተገኝቷል፤ ግን ያለው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሦስት ሰው ብቻ ነው የሰማው። እበረንዳው ላይ የተቀመጠው የጠዋቱ ቃል ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ስለ ባንቺአየሁ የሚጠይቅ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው፣ እሱን ይዞ ይቆማል።

ጣቷን አነሳችና ፕሪንተሩን አጠፋችው።

"ደግሞ ምን ሆነ?" አሉ መምህሩ።

"ምንም አልሆነም። መጀመሪያ እንሂድ።"

"ወዴት?"

"ጠዋት ወደ ሄዱበት።"

መምህር ጋረደው ገባቸው። የጠፋውን ፕሪንተር አዩ፣ በሩን አዩ። "መጽሐፉስ? እኔ እኮ መንገደኛ ነኝ።"

"መጽሐፉ ቦታው ገብቷል፤ ስንመለስ እናትመዋለን።"

"ደክሞኛል፣ ልጄ። ዙሌካ ሄዳ ብትነግራቸውስ?"

"ከዙሌካ አልሰሙትም" አለች ባንቺአየሁ። "ከእርስዎ ነው የሰሙት።"

መምህሩ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ባንቺአየሁ ቶቧን ተከናነበችና ዙሌካ ማሽኑን እንዳትነካ ነግራት ወጣች። ውጭው ገና ይፋጃል። መምህሩ ቅርብ ስለሆነ አቋራጩን ወደ እትዬ በለጡ ግቢ መንገድ ጀመሩ። ባንቺአየሁ በቀስታ ክርናቸውን ይዛ አቆመቻቸው።

"ከጋሽ ገብረ ሥላሴ በረንዳ እንጀምር" አለችና ወደ ቀኝ መለሰቻቸው።